ባቡሩ ባይመለስም
(የሕዝብ ገለጻ ጽሑፍ)



ተወልጄ ባደግሁባት ዋጫ ሐዲድ አልተዘረጋም፤ ዳገት ግን ሞልቷል። ስለ ገደል ባቡር የማወጋችሁም ስለዚህ ነው።

በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1893 የተከፈተው የክሊፍተን ባቡር በአለት ውስጥ በተቆፈረ ዋሻ ይወጣና ይወርድ ነበር። ላይ የቆመው ፉርጎ ውኃ ይሞላል፤ ክብደቱ ወደ ታች ሲስበው በገመድ የተያያዘውን ጓደኛውን ወደ ላይ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 ተዘጋ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም ዋሻው የአየር ድብደባ መጠለያ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ፈቃደኞች ፍርስራሹን እየጠረጉ፣ ታሪኩን እየመዘገቡ ለጎብኚ አሳዩት። ባቡሩ ዛሬም አይሄድም፤ እውቀቱ ግን ከመጥፋት ዳነ።

ይህን ሳስብ ድሬዳዋ ትታየኛለች። ከተማዋን የወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የአንድ ሜትር ስፋት ሐዲድ ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመረቀ። የአሮጌው ባቡር ማሽኖች ዝገትን ለጊዜው ይችሉታል፤ ጠባያቸውን የሚያውቀው ባለሙያ ግን ያረጃል። ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ ጥገናው ከብረቱ አይጀምርም፤ ደብተር ይዞ ከሽማግሌው ሠራተኛ አጠገብ ከመቀመጥ ይጀምራል። ለዚህ በጀት አያስፈልግም፤ ጊዜው ግን እያለፈ ነው።