ሞተሩ ሲቋረጥ የሚወስነው ማነው?

ስለ ኤሌክትሪክ አውሮፕላን ሲነሳ ወሬው ሁሉ የሚያርፈው ባትሪው ላይ ነው። ስንት ኪሎ ይመዝናል? ስንት ደቂቃ ያበራል? ዋጋው መቼ ይወርዳል? ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ኪሎ የጄት ነዳጅ የያዘው ጉልበት ዛሬ ገበያ ላይ ካለው አንድ ኪሎ ሊቲየም ባትሪ ከአርባ እጥፍ በላይ ስለሚበልጥ፣ ትልቅ የመንገደኞች አውሮፕላን በባትሪ ብቻ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ዱባይ ይገባል ብሎ በቅርቡ የሚጠብቅ መሐንዲስ የለም። ሆኖም ባትሪው ነገ ቢቀልና ቢረክስ እንኳ ሳይፈታ የሚቆይ ጉዳይ አለ። እነዚህ አዳዲስ አውሮፕላኖች፣ በተለይም እንደ ሄሊኮፕተር ካሉበት ቀጥ ብለው የሚነሱት፣ አየር ላይ እያሉ አንድ ነገር ሲበላሽባቸው ምን መደረግ እንዳለበት የሚወስነው ኮምፒውተራቸው ነው፤ የሚወስነውም አብራሪው ሊደርስበት በማይችል ፍጥነት ነው። እንግዲህ ያ ውሳኔ ትክክል መሆኑ መረጋገጥ ያለበት አውሮፕላኑ አንድም መንገደኛ ሳይጭን ነው። ብዙዎች መዘግየት አድርገው የሚያዩት ይህ የማረጋገጥ ሥራ በእኔ እምነት የፈጠራው ዋና ክፍል ነው፤ የሚያሳጥረው ሰው የሚያሳጥረው ጊዜውን ብቻ አይደለም፣ ደኅንነቱንም ነው።

ነገሩን ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። በተለመደው ትንሽ አውሮፕላን አብራሪው መሪውን ሲስብ በሽቦና በዘንግ የተያያዘው የጭራ መቆጣጠሪያ ይንቀሳቀሳል። ሞተሩ ቢጠፋ ክንፉ አለ፤ አውሮፕላኑ እየተንሳፈፈ ይወርዳል፣ አብራሪው ሜዳ ለመምረጥ ደቂቃዎች ያገኛል። በስድስት ወይም በስምንት ፕሮፔለር አየር ላይ በቆመ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው የሚያወጣው በመቶዎች ቮልት የሚቆጠር ቀጥተኛ ጅረት ነው፤ ኢንቨርተር የሚባለው መሣሪያ ይህን ጅረት በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየቆራረጠ ሞተሩን ወደሚያሽከረክር ተለዋዋጭ ጅረት ይቀይረዋል። ይህን ለማድረግ የሞተሩ ዘንግ በዚያች ቅጽበት የት ላይ እንዳለ የሚነግረው ሴንሰር ያስፈልገዋል። ከኢንቨርተሮቹ ሁሉ በላይ ደግሞ የበረራ መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር የአውሮፕላኑን ዝንባሌ በየቅጽበቱ እያነበበ የትኛው ሞተር ምን ያህል ይጨምር፣ የትኛው ይቀንስ ብሎ ያዛል። አብራሪው በእጁ የሚነግረው ፍላጎቱን ብቻ ነው። አንድ ሞተር በድንገት ቢቋረጥ አውሮፕላኑ ወደዚያው ጎን መውደቅ ይጀምራል። ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለይቶ፣ በተቃራኒው ማዕዘን ያለውን ሞተር ቀንሶ፣ ጎረቤቶቹን አሳድጎ ሚዛኑን ለመመለስ ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ነው። ከሚቋረጥ ሞተር የከፋው ደግሞ ሳይታዘዝ ሙሉ ኃይሉን የሚለቅ ሞተር ነው፤ መቆጣጠሪያው ሁለቱን መለየት፣ ሁለተኛውንም ቆርጦ መጣል መቻል አለበት።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን ሲሰማ ትዝ የሚለው ነገር አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው የበረራ ቁጥር 302 ቦይንግ 737 ማክስ በስድስት ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። አውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ አልነበረም፤ የወደቀው ግን በመቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከሚመጣው አየር አንጻር ያለውን ማዕዘን ከሚለኩት ሁለት ሴንሰሮች የግራው ከመነሳት ጥቂት በኋላ ተሳስቶ 74.5 ዲግሪ ሲያሳይ የቀኙ 15.3 ዲግሪ ያሳይ ነበር። ኤምካስ የተባለው ሥርዓት የሚያነበው አንዱን ሴንሰር ብቻ ስለነበር፣ የግራውን አምኖ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ መሬት ደፋው። አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን ማብሪያ ማጥፊያ ቢጠቀሙም ጭራውን በእጅ መልሰው ማንሳት አልቻሉም። የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ባደረገው ምርመራ እንደወጣው፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የቦይንግ የሙከራ አብራሪ በሲሙሌተር ለዚህ ሥርዓት ብልሽት ምላሽ ለመስጠት ከ10 ሰከንድ በላይ ወስዶበት፣ ውጤቱን ራሱ አደገኛ እልቂት የሚያስከትል ብሎ ፈርጆት ነበር። ስሌቱ ግን አብራሪ በአራት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ ያርመዋል በሚለው ግምት ላይ ቆመ። ስህተቱ ሶፍትዌሩ ውስጥ ብቻ አልነበረም። ሶፍትዌሩ ቢሳሳት አብራሪው ያድነዋል ተብሎ በወረቀት ላይ መታመኑ ራሱ ስህተት ነበር።

እዚህ ላይ ነው ክርክሬ የሚያርፈው። በማክስ ላይ አብራሪው እንደ መጨረሻ መከላከያ መቆጠሩ ስህተት ከሆነ፣ በብዙ ሞተር አየር ላይ በሚቆም አውሮፕላን ላይ ደግሞ ያ መከላከያ ከናካቴው የለም። ሞተር ሲቋረጥ አብራሪው ነቅቶ፣ አስቦ፣ የቱን ልቀንስ ብሎ የሚያርመው ነገር አይደለም። ስለዚህ በሌላ አውሮፕላን ላይ በማሽንና በሰው መካከል ተከፍሎ የነበረው ሸክም እዚህ ጠቅላላ በሙከራው ላይ ይወድቃል።

ልዩነቱ ከባትሪው እንዳልመጣ የሚያሳየው የስሎቬኒያው ፒፒስትሬል የሠራው ቬሊስ ኤሌክትሮ ነው። ይህ ባለ ሁለት መቀመጫ የሥልጠና አውሮፕላን በአውሮፓ የአቪዬሽን ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2020 ማረጋገጫ ሲሰጠው፣ የዓይነት ማረጋገጫ ያገኘ በዓለም የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ሆነ። ባትሪው ከማንም የተሻለ አልነበረም፤ ለ50 ደቂቃ ገደማ ነው የሚያበርረው። ግን ክንፍ አለው፣ አንድ ሞተር አለው፣ አብራሪው መሪውን ራሱ ይይዛል፤ ሞተሩ ቢጠፋ ተንሳፍፎ ይወርዳል። ሊፈተን የሚገባው ጥቂት ስለነበረ በቶሎ ተፈትኖ አለፈ። መቆጣጠሪያውን ከሰው እጅ ወስደው ለኮምፒውተር ከሰጡት ብዙዎቹ ግን ከእሱ በኋላ ዓመታት አልፈውም በፈተናው መንገድ ላይ ቆይተዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረኝ የናሳው ኤክስ 57 ማክስዌል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ሲደረግ ዕቅዱ ቴክናም የተባለውን የጣልያን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ወስዶ በመጨረሻ በክንፉ የፊት ጠርዝ 12 ትናንሽ ሞተሮችና በክንፉ ጫፍ ሁለት ትላልቅ ሞተሮች መግጠም ነበር። በመጀመሪያው ዲዛይን ባትሪዎቹ ሲፈተኑ በአንዱ ሴል የተነሳው ሙቀት ወደ ጎረቤቶቹ ተዛመተ፤ እንደገና ተሠሩ። ኢንቨርተሮቹ ውስጥ ያሉት ትራንዚስተሮች በሙከራ ላይ ፈነዱ፤ እንደገና ተሠሩ። ከኢንቨርተሮቹ የሚወጣው የኤሌክትሮማግኔት ጩኸት ሌሎቹን የአውሮፕላኑን መሣሪያዎች ይረብሽ ነበርና ማጣሪያ ተሠራለት። በመጨረሻ ሞተሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት ላይ የአብራሪውን ሕይወት አደጋ ላይ ሊጥል የሚችል የብልሽት ዓይነት ተገኘ፤ ማስተካከሉም ከተመደበለት ጊዜ የሚያልፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2023 ናሳ አውሮፕላኑ እንደማይበር አስታወቀ። ይህን ውድቀት የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። ሲሠሩ የነበሩት ሰዎች ችግራቸውን አምነው፣ መሬት ላይ እያለ ይዘውት፣ የተማሩትን በይፋ ጽፈው ለሌሎች አስቀሩ። መብረር ብቻውን የስኬት መለኪያ ከሆነ፣ የቦይንጉ ማክስም በረረ።

የበረሩትም ቢሆኑ መሬት ላይ ያልታየ ነገር አየር ላይ ገጥሟቸዋል። የአሜሪካው ጆቢ የመጀመሪያ ሞዴል ካሊፎርኒያ ውስጥ ጆሎን አካባቢ እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 ከፍተኛ ፍጥነቱ ሲፈተን የፕሮፔለር ክንፍ ተነቅሎበት ወደቀ። የእንግሊዙ ቨርቲካል ኤሮስፔስ አውሮፕላን እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2023 በኮትስወልድ አውሮፕላን ማረፊያ የወደቀው ደግሞ አንድ ሞተር ቢቋረጥ ምን ይሆናል የሚለውን ለማየት በተዘጋጀ ሙከራ ላይ ሳለ ነው፤ የአንዱ ፕሮፔለር ክንፍ ከማጣበቂያው ተላቅቆ ወጣ። ሁለቱም ከመሬት በርቀት የሚመሩ ስለነበሩ የተጎዳ ሰው የለም። ከዚህ የሚወሰደው ነገር ግልጽ ነው። መሐንዲሱ በዝርዝሩ የጻፈው ብልሽት አንድ ሞተር መቋረጡ ነው፤ አየሩ ያመጣው ግን ሌላ፣ ዝርዝሩ ላይ ያልነበረ ብልሽት ነው። መቆጣጠሪያው በሁለቱ መካከል ሲገባ ምን እንደሚያደርግ መታወቅ ያለበት ሰው ሳይሳፈርበት ነው።

የሚቃወሙኝ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ሄሊኮፕተር አንድ ዋና ፕሮፔለር፣ አንድ የማርሽ ሳጥን አለው፤ ያ ከተሰበረ አበቃ። ስድስት ሞተር፣ በየሞተሩ ሁለት ሁለት ጥቅል ሽቦ፣ አራት ባትሪ፣ ሦስት ኮምፒውተር ያለው አውሮፕላን እንዴት ከእሱ አይሻልም? ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ብዜቱ የሚያድነው ግን ብልሽቶቹ አንዱ ከሌላው የማይገናኙ ሲሆኑ ነው። ሦስቱ ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ሶፍትዌር ከጫኑ፣ ሶፍትዌሩ ውስጥ ያለች አንዲት ስህተት ሦስቱንም በአንድ ቅጽበት ታሳስታለች። አራቱ ባትሪዎች ከአንድ ፋብሪካ፣ ከአንድ ሳምንት ምርት ከመጡ ሙቀት አንዱን ሲነካ አራቱንም ሊነካ ይችላል። የአውሮፓው ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መስፈርት ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ ላይ የሚበሩ ወይም በክፍያ መንገደኛ የሚጭኑ አውሮፕላኖች አደገኛ እልቂት የሚያስከትል ብልሽት የሚደርስባቸው በቢሊዮን የበረራ ሰዓት አንድ ጊዜ ብቻ መሆን አለበት ይላል። ቢሊዮን ሰዓት ከ114,000 ዓመት በላይ ነው፤ በመብረር የሚረጋገጥ ነገር አይደለም። የሚረጋገጠው በስሌት፣ በዲዛይን ምርመራና መላው ሥርዓት መሬት ላይ ተዘርግቶ ሆን ተብሎ እየተበላሸ በሚታይበት የሙከራ ጣቢያ ነው። ስሌቱ ደግሞ የሚያምረው ግምቱ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። የቦይንግ 787 ባትሪ ጭስ የሚያወጣው በ10 ሚሊዮን የበረራ ሰዓት ከአንድ ጊዜ ላነሰ ነው ተብሎ ተሰልቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ጥር 2013 የአውሮፕላኖቹ ጠቅላላ በረራ ገና 100,000 ሰዓት ሳይሞላ ሁለት ጊዜ ደረሰና በመላው ዓለም ከበረራ ታገዱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከታገዱት አንዱ ነበር።

ሌላው ተቃውሞ የገንዘብ ነው። መስፈርቱ እጅግ ከፍ ስላለ ወጣት ኩባንያዎች ሳይበሩ ይሞታሉ ይባላል፤ ምሳሌውም ሩቅ አይደለም። ጀርመናውያኑ ሊሊየምና ቮሎኮፕተር እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ገንዘባቸው አልቆ ኪሳራ አወጁ፤ ቮሎኮፕተር በዚያው ዓመት ለፓሪስ ኦሎምፒክ መንገደኛ ሊያጓጉዝ አስቦ አልተሳካለትም። ጉዳቱ እውነት ነው፤ ጥሩ መሐንዲሶች ሥራ አጥተዋል፣ ብዙ እውቀትም ተበትኗል። መልሱ ግን መስፈርቱን ዝቅ ማድረግ አይመስለኝም። ኩባንያዎቹ በየፊናቸው ተመሳሳይ የሙከራ ጣቢያ እየገነቡ፣ ተመሳሳይ የኢንቨርተር ብልሽት ላይ በየተራ እየደረሱ፣ ያገኙትንም ከተወዳዳሪ እየደበቁ ገንዘባቸውን ጨርሰዋል። መንግሥታት የጋራ የሙከራ ጣቢያ ቢያቆሙና የብልሽት ውጤት እንደ ናሳው ሁሉ ለሁሉም ክፍት ቢሆን ወጪው ይከፋፈላል፣ ደኅንነቱም አይጎድልም። ቀላል አውሮፕላን ደግሞ ቀለል ባለ መንገድ ማለፍ እንደሚችል ቬሊስ አሳይቷል። ሶፍትዌሩ ከወጣ በኋላም ይታረማል የሚሉ አሉ። ስልክ ላይ ይሁን፤ እዚህ ግን የመጀመሪያው እርማት የሚጻፈው በአደጋ ምርመራ ሪፖርት ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ከእኛ ሩቅ ነው ማለት ስህተት ነው። አየር መንገዱም ሆነ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣኑ ሌላ አገር ያጸደቀውን አውሮፕላን ይቀበላሉ፤ ማክስም የመጣው እንዲሁ ነው። ከአደጋው በኋላ ግን አየር መንገዱ ማክሶቹን ከአሜሪካ ቀድሞ አቆመ፤ መልሶ ያበረራቸውም ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2022 ነው። ማለትም አገሪቱ የራሷን ጥያቄ መጠየቅ እንደምትችል አሳይታለች፤ ይህን ጥያቄ ከአደጋ በፊት መጠየቅ ደግሞ ይቻላል። ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,334 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በዚህ አየር ያንኑ ክብደት ለማንሳት አንድ ፕሮፔለር ከአሥር በመቶ በላይ ተጨማሪ ኃይል ይፈልጋል፤ ስለዚህ አንድ ሞተር ሲቋረጥ ጎረቤቶቹ የሚያሳድጉት ትርፍ ኃይል ያንሳል። ኢንቨርተሮቹን የሚያቀዘቅዘው አየርም ይቀንሳል፤ በከፍተኛ ቮልቴጅ ያለ ሽቦ ደግሞ አየር በሳሳ ቁጥር መከላከያው ላይ የእሳት ብልጭታ ሊፈጥር ይቀለዋል። ከእነዚህ አውሮፕላኖች ብዙዎቹ የሚፈተኑት ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ እንዳለችው ማሪና ከባሕር ጠለል ብዙም ባልራቁ ሜዳዎች ነው። አንድ ኩባንያ ነገ ከቦሌ ከተማ ለከተማ ላብርር ብሎ ቢመጣ፣ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከመስጠቱ በፊት ሊያየው የሚገባ ሰነድ አንድ ነው፦ በዚህ ከፍታ፣ በሞቃት ከሰዓት በኋላ፣ ሙሉ ጭነት ተጭኖ፣ ከመሬት ጥቂት ሜትር ላይ ቆሞ ሳለ አንዱ ሞተር ሆን ተብሎ ሲቋረጥ የተመዘገበው የመቆጣጠሪያው መረጃ፣ በየሰከንዱ ሳይሆን በየመቶኛ ሰከንዱ።