አልጋ ይዞ ሳይከፍል የጠፋ እንግዳ፦ ሂሳቡ ማን ላይ ይወድቃል?

ማታ 3 ሰዓት ላይ ይመጣል። "አልጋ አለ?" ይላል። መታወቂያ ሲጠየቅ "መኪና ውስጥ ነው፣ ጠዋት አመጣዋለሁ"፣ ብር ሲጠየቅ "ኔትወርክ አስቸገረኝ፣ ጠዋት አስገባለሁ" ብሎ ቁልፍ ይቀበላል። ጠዋት ሲታይ ክፍሉ ባዶ ነው። ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ብሩ ከሪሴፕሽኗ ልጅ ደሞዝ ላይ ይቆረጣል።

ከሀዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ቱላም ሆነ በሌላ ከተማ፣ ትንሽ ፔንሲዮን ውስጥ የሠራ ሰው ይሄ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም። እሺ፣ እንዲህ ሲያጋጥም ምን ማድረግ ይቻላል? ምንስ አይቻልም?

👉 ስክሪንሾት ክፍያ አይደለም

ቴሌብር በ2013 ዓ.ም ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው አልጋ የሚከፍለው በስልክ ነው። ማጭበርበሩም አብሮ ወደ ስልክ ገብቷል። የ"ተልኳል" ምስል በኤዲቲንግ ይሠራል። ከተራ ስልክ ቁጥርም የባንክ መልእክት የሚመስል ቴክስት ይላካል። የቴሌብር መልእክት የሚመጣው ከ127 ነው። ከዚህም በላይ የሚያስተማምነው ግን የራስን ሂሳብ ከፍቶ ብሩ መግባቱን ማየት ነው። ብሩ ሳይታይ ቁልፍ አይሰጥም።

በተለይ የፍቼ ጨምበላላ ሰሞን፣ ወይም ታህሳስና ሐምሌ 19 ለገብርኤል በዓል ሀዋሳ በእንግዳ ስትጨናነቅ በችኮላ የሚታለፍ ነገር ይበዛል። መታወቂያ አይቶ መመዝገብና ሂሳቡን ቀድሞ መቀበል ማንንም መጠራጠር አይደለም። ለሁሉም እኩል ከተደረገ ቅር የሚለው ሰው አይኖርም።

👉 በሩን ቆልፎ ማገት አይቻልም

"ካልከፈልክ አትወጣም" ብሎ ሰው ላይ በር መቆለፍ ባለቤቱን ራሱን ተከሳሽ ያደርገዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 585 ሰውን ያለ ሕግ መያዝና ማገት እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። መማታትማ ጭራሽ ሌላ ክስ ነው። እንግዳው አልከፍልም ካለ ፖሊስ መጥራት ነው።

ንብረትስ? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 2653 ጀምሮ ስለ እንግዳ ማረፊያ ውል ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው። ባለ አልጋው እስኪከፈለው ድረስ እንግዳው ይዞት የገባውን ዕቃ፣ ከዕዳው ጋር በሚመጣጠን ልክ፣ መያዝ ይችላል። የ2 ሺህ ብር ዕዳ አለበት ተብሎ የ60 ሺህ ብር ላፕቶፕ ይያዝ ማለት ግን አይደለም። የያዙትን ዕቃ በራስ ሥልጣን መሸጥ ወይም መጠቀም ደግሞ መልሶ ሊያስከስስ ይችላል። የያዛችሁትን ዘርዝራችሁ ጻፉ፣ ምስክር ባለበት አስፈርሙ።

👉 አጭበርባሪና የቸገረው ሰው አንድ አይደሉም

በሐሰት ስም ተመዝግቦ ወይም የውሸት ስክሪንሾት አሳይቶ ያደረ ሰው ጉዳይ ወደ ማታለል ወንጀል ሊሄድ ይችላል። አንቀጽ 692 እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል።

በትክክለኛ ስሙ ገብቶ፣ ሳምንት ከፍሎ፣ ከዛ ሥራ ሲያጣ ወይም ብር ሳይላክለት ሲቀር የተቸገረ ሰው ግን ባለዕዳ ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 11 ማንም ሰው የውል ግዴታውን መፈጸም ስላልቻለ ብቻ አይታሰርም ይላል። እንዲህ ካለው ሰው ጋር የሚያዋጣው ስሙ፣ የመታወቂያ ቁጥሩ፣ የብሩ መጠንና የሚከፍልበት ቀን ያለበት ወረቀት ማስፈረም ነው። በቀኑ ካልከፈለ ወረቀቱ ለፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። ሲዳማ ደግሞ ከፍርድ ቤት በፊት አፊኒ የሚባል በሽማግሌ ፊት ተሰማምቶ የመጨረስ ባህል አለ። ለ2 ሌሊት ሂሳብ ከዓመት ክርክር እሱ ይሻላል።

👉 ፎቶውን ፖስት ማድረግስ?

"ይሄ ሌባ ነው፣ ሼር አድርጉ" ብሎ መታወቂያውን ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ላይ መልቀቅ ያምራል፣ ግን አደጋ አለው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ 958/2008 በኢንተርኔት ስም ማጥፋትን እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 30 ሺህ ብር መቀጮ ያስቀጣል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016ም አለ። መታወቂያው የተሰጣችሁ ለምዝገባ ነው። ማሳየት ካለባችሁ ለፖሊስ አሳዩ።

👉 የሪሴፕሽኗስ ደሞዝ?

ብዙ ወጣት የማያውቀው ይሄንን ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59 መሠረት አሠሪ እንደፈለገ ደሞዝ አይቆርጥም። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ፣ ካልሆነም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው መቁረጥ የሚቻለው። ያኔም ቢሆን የሚቆረጠው በአጠቃላይ ከወር ደሞዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም። እንግዳ ስለጠፋ ብቻ "የወሩን ደሞዝሽን እርሺው" ማለት ከሕግ ውጪ ነው።

ስለዚህ ሪሴፕሽን ላይ የምትሠሩ ልጆች፣ ስትቀጠሩ ያላነበባችሁትን ወረቀት አትፈርሙ። ማታ ክፍያ ሳይገባ ቁልፍ ስጡ የሚል ትእዛዝ ከባለቤቱ ከመጣ በቴክስት እንዲልክላችሁ ጠይቁ፣ መልእክቱንም አታጥፉት። ደሞዛችሁ ያለ አግባብ ከተቆረጠ የሠራተኛ ጉዳይ ወደሚመለከተው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ወይም ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

አልጋ ቤት የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ይሄን ላኩለት።