የታከመ የአጥር ቋሚ አመራረጥ

የአጥር ቋሚ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ከመሬቱ ጋር በሚገናኝበት ወገቡ ላይ ነው። ከመሬት በላይ ያለውን ክፍል ዝናብ ቢመታውም ፀሐይና ነፋስ መልሰው ያደርቁታል። ጠልቆ የተቀበረው ጫፍ አየር ስለሚያጥረው የሚያበሰብሰው ፈንገስ እንደልቡ አይሠራበትም። በመካከላቸው ባለው ጥቂት ሳንቲሜትር ላይ ግን እርጥበት፣ አየርና ሙቀት አንድ ላይ ይገኛሉ። ምስጥም የሚመጣው ከዚያው ነው። ከላይ ደህና የሚመስል ቋሚ በአንድ በሬ ግፊት ከሥሩ ቀንጠስ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሚያበሰብሰው ፈንገስ እንጨቱ ውስጥ ያለው ውኃ ከደረቅ ክብደቱ 20 በመቶ በታች ከሆነ አያድግም። ጣሪያ ሥር ያለ ማገር ዕድሜ የሚኖረው በድርቀቱ ነው። ለተቀበረ ቋሚ ግን ድርቀት አይታሰብም፤ መዳኛው ወይ ተፈጥሮ የሰጠችው መራራነት ነው፣ ወይ ሰው ያስገባው መድኃኒት።

ተፈጥሮ ካደለቻቸው መካከል በኢትዮጵያ ደጋ የታወቁት ወይራና የሐበሻ ጥድ ናቸው። ይሁንና መራራነቱ ያለው በግንዱ መሐል ባለው ጠቆር ያለ ልብ እንጨት ውስጥ እንጂ ዙሪያውን ባለው ነጣ ያለ ክፍል አይደለም። ነጩ ክፍል ዛፉ በሕይወት ሳለ ውኃ የሚያመላልስበትና ምግብ የሚያከማችበት ስለሆነ ለፈንገስም ለምስጥም ጣፋጭ ነው። ስለዚህ ከቀጭን የጥድ ቅርንጫፍ የተቆረጠ ቋሚ የጥድ ስም እንጂ የጥድ ዕድሜ የለውም። ወፍራሙ ጥድና ወይራ ደግሞ በብዙ ቦታ ተመናምኗል፤ ቢገኝም ለአጥር ማዋሉ ብክነት ነው።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባህር ዛፍ ቦታውን የወሰደው ቶሎ ስለሚደርስና ቀጥ ብሎ ስለሚያድግ ነው። ወጣት ባህር ዛፍ ሳይታከም ሲቀበር በጥቂት ዓመታት ያልቃል፤ ምስጥ በበዛበት ቆላ ከዚያም ይፈጥናል። ሲታከም ግን ነገሩ ይገለበጣል። መድኃኒት የሚገባው በቀላሉ የሚበሰብሰው ነጩ ክፍል ውስጥ ነው፤ ልብ እንጨቱ ፈሳሽ አያሳልፍም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለሕክምና የሚመረጠው ሳይሰነጠቅ በሙሉ ክብነቱ ያለ፣ ነጩ ክፍል ዙሪያውን እንደ ቀበቶ የከበበው ግንድ ነው። ከትልቅ ግንድ ተፈልጦ ልቡ በአንድ ጎን የተጋለጠ ቋሚ ምንም ያህል ቢነከር በዚያ ጎኑ ሳይታከም ይቀራል።

ሥራው የሚጀምረው ከመላጥ ነው። ዛፉ እንደተቆረጠ ቅርፊቱ ይላጣል፤ ቋሚዎቹ ከመሬት ከፍ ብለው፣ አየር እንዲያልፍባቸው እየተነባበሩ በጥላ ሥር ወራት ይቆያሉ። ፀሐይ ላይ የተጣለ ባህር ዛፍ ከጫፉ ይሰነጠቃል፤ በርጥቡ ለሕክምና የተላከ ደግሞ መድኃኒት የሚይዝበት ባዶ ቦታ የለውም።

በፋብሪካ፣ የደረቀው ቋሚ ረጅም የብረት ታንከር ውስጥ ይዘጋል። መጀመሪያ አየሩ ከእንጨቱ ውስጥ ይመጠጣል፤ ከዚያ መድኃኒቱ ይለቀቅና እስከ 10 ወይም 14 ባር በሚደርስ ግፊት ይገፋል፤ ይህም የመኪና ጎማ ከሚነፋበት አምስት ስድስት እጥፍ ነው። በመጨረሻ እንደገና አየር ተመጥጦ የተረፈው ይንጠባጠባል። ይህን መንገድ እንግሊዛዊው ጆን ቤተል በ1838 (እ.ኤ.አ.) በፈጠራ መብት ያስመዘገበ ሲሆን፣ መድኃኒቱም ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ የሚወጣው ክሪዮሶት ነበር። ጥቁርና ሽታው ኃይለኛ የሆነው ክሪዮሶት ዛሬም በምሰሶዎች ላይ ይታያል። አረንጓዴ ቀለም የሚሰጠው ሌላኛው፣ ሲሲኤ የሚባለው የመዳብ፣ የክሮሚየምና የአርሴኒክ ቅልቅል በ1930ዎቹ በሕንድ ሶንቲ ካሜሳን የፈለሰፈው ነው። መዳቡ ፈንገሱን፣ አርሴኒኩ ምስጡን ሲመክት ክሮሚየሙ ሁለቱን ከእንጨቱ ጋር ያስራቸዋል። ቦሮን ያለበት መድኃኒት ለቤት ውስጥ እንጨት መልካም ቢሆንም ዝናብ አጥቦ ስለሚወስደው ለተቀበረ ቋሚ አይሆንም።

በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት በተደረገ ረጅም ሙከራ፣ ያልታከሙ የፓይን ዛፍ ቋሚዎች አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ሲወድቁ፣ በክሪዮሶትና በሲሲኤ የታከሙት ከ50 ዓመት በላይ እንደሚያገለግሉ ተገምቷል። ዛፉም አፈሩም የተለየ ስለሆነ ቁጥሩ እንዳለ ወደ ወለጋ ወይም ወደ ጎጃም አይዛወርም፤ ልዩነቱ ግን አቅጣጫውን ያሳያል።

በየቀዬው የተለመደው ጫፉን በእሳት መለብለብ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ነው። የከሰለው ሽፋን ስስ ነው፤ እንጨቱ ሲደርቅ ይሰነጠቅና መንገዱን ይከፍታል። ዘይቱም ላይ ላዩን ይቀራል፤ አፈሩን ማበላሸቱ ግን አይቀርም። ለገበሬ ከእነዚህ የሚሻለው የበርሜል ዘዴ ነው፦ የደረቁት ቋሚዎች በክሪዮሶት ውስጥ ቆመው ለሰዓታት ይሞቃሉ፣ ከዚያ በዚያው ውስጥ እንዲቀዘቅዙ ይተዋሉ። በሙቀት የሰፋው አየር ሲኮማተር ፈሳሹን ወደ ውስጥ ይስበዋል። ክሪዮሶት ሲሞቅ ሊቀጣጠል ስለሚችል ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ሲገዛ ቀለም ማየት ብቻ አይበቃም፤ አረንጓዴ በብሩሽም ይቀባል። ብዙ ቋሚ የሚገዛ ሰው አንዱን መሥዋዕት አድርጎ ወገቡ ላይ በመጋዝ ቢያስቆርጥ ትርፉ ለእሱ ነው። መድኃኒቱ ነጩን ክፍል በሙሉ ካለፈ ጥሩ ነው፤ ቅርፊት መሳይ ስስ መስመር ብቻ ከታየ ዋጋው ምንም ቢረክስ ውድ ነው። በደቡብ አፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ መሬት ውስጥ ለሚቀበር እንጨት ኤች 4 የሚባል የሕክምና ደረጃ ይጠየቃል፤ ከውጭ የመጣ ቋሚ ይህ ምልክት ካለው ተገቢው ነው። የቅርፊት ቁራጭ የተጣበቀበት፣ ጫፉ በጥልቅ የተሰነጠቀና ገና በርጥበት የሚከብድ ቋሚ ይጣል።

ውፍረቱም እንደ ሥራው ይለያያል። ለመሐል ቋሚ ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ይበቃል። ሽቦው የሚወጠርበት የማዕዘንና የበር ቋሚ ግን 15 ሳንቲሜትር ገደማ ቢሆን፣ አንድ ሜትር ያህልም ቢቀበር ይመረጣል። የታከመ ቋሚ ከታች ጫፉ ፈጽሞ አይቆረጥም። ማሳጠር የግድ ከሆነ ቁራጩ ከላይ ይሆናል፤ አዲሱ ፊትም መድኃኒት ይቀባል። ጉድጓዱ ውስጥ ጠጠር ገብቶ በደንብ ይጠቀጠቃል። ቋሚውን ሙሉ በሙሉ በኮንክሪት መክበብ ውኃ የሚያቁር ጽዋ መሥራት ነው።

አርሴኒክ ያለበት ቁራጭ ለማገዶ አይውልም፤ ጭሱም አመዱም መርዝ ነው፣ ወደ ምድጃ ከገባ ጉዳቱ ለቤተሰብ ይተርፋል። ለከብት ግርግምም ሆነ ለእህል መደርደሪያ አይሆንም። አሜሪካ ሲሲኤን ከመኖሪያ ቤት ሥራ ያስወጣችው በ2003 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ሲሆን ለእርሻ አጥር ግን አልከለከለችም።

ገንዘብ የሚያጥረው ገበሬ ሁሉንም ቋሚ የታከመ ማድረግ ባይችል መጀመሪያ ማዕዘኖቹንና በሮቹን ያድርግ። የመሐል ቋሚ ሲወድቅ አንድ በአንድ ይተካል፤ የማዕዘኑ ሲወድቅ ግን የተወጠረው ሽቦ ሁሉ አብሮት ይረግባል።