የጦስኝ ዘይት የዶሮ መኖን ከሻጋታ ያድናል?



ጎንደር ከተማ በየግቢያችሁ ዶሮ የምታረቡ ሰዎች ክረምት ሲገባ በውስጥ መስመር የምትልኩልኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ መኖው እየሻገተብን ነው፤ የጦስኝ ዘይት ብንረጭበት ይሆናል?» የዶሮ መኖ ሐኪምን ምን አገባው እንዳትሉ፤ ጉዳዩ የጉበታችሁም ነው።

አንዳንድ ሻጋታ በቆሎ፣ ለውዝና ፋጉሎ ላይ ሲያድግ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመርታል። መርዙ የታወቀው በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች የተበከለ የለውዝ ፋጉሎ በልተው ካለቁ በኋላ ነው። እኛም አገር በአዲስ አበባና ዙሪያዋ የላሞች መኖ ሲመረመር፣ በተለይ የኑግ ፋጉሎ ላይ በብዛት ተገኝቷል፤ ወደ ወተቱም አልፏል።

ዶሮ ላይ ጉበቷን ይጎዳል፣ እንቁላሏን ይቀንሳል። ወደ እንቁላሉ የሚያልፈው ጥቂት ነው። ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከመኖው ጎን የተቀመጠው የቤተሰቡ በቆሎ፣ ለውዝና በርበሬ ነው። አፍላቶክሲን የጉበት ካንሰር ያመጣል፤ ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ላይ ደግሞ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

ወደ ጦስኝ እንምጣ። በስሜን ደጋ የሚበቅለው ጦስኛችን ዘይቱ ውስጥ ካርቫክሮልና ታይሞል አለው። ሁለቱም የሻጋታውን የሴል ሽፋን እያፈረሱ እድገቱን ይገታሉ። ስለዚህ ሐሳባችሁ መሠረት አለው። ግን፦

1. ይከላከላል እንጂ አያድንም። አንዴ የተመረተ መርዝ ዘይት ስለተረጨበት አይጠፋም። መቀቀልና መጋገርም አያጠፋውም። ሻጋታው ተራግፎ መኖው ጥሩ ጥሩ ቢሸትም መርዙ እዚያው ነው።

2. ደረቅ ጦስኝ ጣል ማድረግ ዘይቱን አይተካም። ዘይቱ ከብዙ ቅጠል የሚወጣ ጥቂት ነገር ነው፤ ይተናል፣ ከበዛ ዶሮዎቹ መኖውን ሊጠሉት ይችላሉ። በግምት አትርጩ፤ የእንስሳት ሐኪም ወይም የመኖ ባለሙያ ጠይቁ።

3. ያልተበረዘ ዘይት ቆዳና ዓይን ያቃጥላል። አትጠጡት፤ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡት።

ዋናው መድኃኒት ማድረቅ ነው፦

✅ የእህሉ እርጥበት ከ13 በመቶ አይብለጥ። ቤት ውስጥ ለመፈተን ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ እህልና ጥቂት ደረቅ ጨው ጨምሩና ነቅንቁ። ትንሽ ቆይቶ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ መልሳችሁ አስጡት።

✅ ማዳበሪያውን መሬት ላይ አታስቀምጡ፤ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ ደርድሩት።

✅ ክረምት ላይ የተፈጨ መኖ በብዛት አትግዙ። ለጥቂት ሳምንት የሚበቃ ይበቃል።

✅ በደንብ የደረቀ እህል አየር በማያስገባ ከረጢት (ፒክስ) ይቀመጥ።

✅ የሻገተውን ጣሉት። «ለሰው ካልሆነ ለዶሮ ይሁን» የምንለው ልማድ ይቅር፤ የሻገተ እንጀራም ቢሆን።

እግረ መንገዳችሁን ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ። ነፃ ከሆናችሁ ክትባት አለው።

ዶሮ ለሚያረባ ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ።