ማርስን በምድር ላይ መለማመድ

ወደ ጨረቃና ወደ ማርስ ለመጓዝ የሚደረገው ዝግጅት ብዙው የሚከናወነው እዚሁ ምድር ላይ፣ በአንዳች ባሕርያቸው እነዚያን ዓለማት በሚመስሉ ስፍራዎች ነው። የማርስን ደካማ ስበት፣ ስስ አየርና ጨረር አንድ ላይ የያዘ በረሃ የትም ስለሌለ ተመራማሪዎች ጥያቄያቸውን ይከፋፍሉታል፦ ለድርቀት የቺሊን አታካማ፣ ለአሲዳማ ውኃና ለብረት ማዕድን የስፔኑን ሪዮ ቲንቶ፣ ለብርድና ለብቸኝነት በአንታርክቲካ የሚገኘውን ኮንኮርዲያ ጣቢያ ይመርጣሉ።

ሥራው የገነነው በአፖሎ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካውያን ጂኦሎጂስቶች በአሪዞና፣ ከፍላግስታፍ ከተማ አጠገብ፣ በእሳተ ገሞራ አመድ የተሸፈነ ሜዳ ላይ ፈንጂ ቀብረው የጨረቃን ፎቶግራፍ የተከተሉ 47 ጉድጓዶች ቆፈሩ። ጠፈርተኞቹ አይስላንድና ሃዋይ ድረስ እየሄዱ ድንጋይ መለየት ተማሩ። የአፖሎ 15 ተጓዦች ዴቪድ ስኮትና ጀምስ ኧርዊን የአየር ኃይል አብራሪዎች እንጂ ጂኦሎጂስቶች አልነበሩም፤ ሆኖም በ1971 ዕድሜው ከ4 ቢሊዮን ዓመት የሚበልጠውን ነጣ ያለ ድንጋይ ገና ሲያዩት ትልቅ ዋጋ እንዳለው አወቁ።

የሰውን ጽናት መፈተን ሌላው ዘርፍ ነው። ከ2010 እስከ 2011 በሞስኮ ስድስት ሰዎች ለ520 ቀናት ተዘግተው ኖሩ፤ እንቅስቃሴያቸው እየቀነሰ፣ የአንዳንዶቹም እንቅልፍ እየተዛባ ሄደ። ናሳም በሂዩስተን አራት ሰዎችን ለ378 ቀናት አኑሮ ሙከራውን በ2024 ፈጽሟል።

ለእኔ ከሁሉም የላቀ ትምህርት የሚሰጠው የአፋሩ ዳሎል ነው። ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በዚህ ስፍራ ፍል ውኃው በጨው የተሞላ፣ አሲድነቱም እጅግ የበረታ ነው። በ2019 ሁለት የምርምር ቡድኖች የሚጋጭ ውጤት አወጡ። አንደኛው በጨው ቅርፊት ውስጥ እጅግ ደቃቅ ተሕዋስያን ማግኘቱን ገለጸ። በፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ ጋርሲያ የሚመራው ሌላው ቡድን ደግሞ ጨውና አሲድ በእጅጉ በተባበሩባቸው ኩሬዎች ሕይወት አለመኖሩን፣ ተሕዋስያን የሚመስሉ የሲሊካ ቅንጣቶች ግን መኖራቸውን አሳየ።

ይህ ለማርስ ፍለጋ ትልቅ ጉዳይ ነው። የጠፈር ተቋማት ሕይወትን ሲፈልጉ አስቀድመው የሚያስሱት የውኃን ዱካ ነው፤ ዳሎል ግን ውኃ ባለበት ሁሉ ሕይወት ላይኖር እንደሚችል ያመለክታል። ከማርስ በሚመጣ ናሙና ላይ ድቡልቡል ቅንጣት የሚያይ ተመራማሪም ቅርጹን ብቻ አይቶ መፍረድ አይችልም፤ ኬሚካላዊ ማስረጃ መጨመር ይኖርበታል።