ቪትዟ በሰዓት ስንት ትጠጣለች?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ዳገት የመኪናን ገመና ያወጣል። አንዲት የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ ቪትዝ፣ ባለ 1,000 ሲሲ፣ እዚያው ዳገት መሃል ላይ መንተፋተፍ ጀመረች። ሜዳ ላይ ደህና ናት፤ ጠዋትም በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ግን ትያዛለች፣ ትንገጫገጫለች፤ እግር ሲነሳላት መልሳ ነፍስ ትዘራለች። ባለቤቷ ሦስት ሰው አማከረ። ሦስቱም የተማከሩ ይመስል አንድ ነገር ነገሩት፦ ፓምፗ ደክሟል፤ ስትቀይር ግን ያንኑ ዓይነት አታስገባ፣ ጠንከር ያለ ግጠምባት። ሱማሌ ተራ ያገኘው ሻጭ ደግሞ በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋ፣ ጉልበታቸው ለተጨመረ መኪናዎች የሚገጠም ፓምፕ አውጥቶ አሳየው።

ሊገዛው ጥቂት ቀርቶት ነበር። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ብዙ ሰው በእጁ ያለችውን መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ይዟል። እግረ መንገዱን የተሻለ ዕቃ ማስገባትም ከዚያው ስስት የሚመጣ ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ለጎማ፣ ለባትሪ፣ ለሾክ ይሠራ ይሆናል። ለነዳጅ ፓምፕ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም፤ ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ሒሳብ ይበቃል።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ። ፓምፕ ለሞተር ጉልበት አይሰጥም። ሲሊንደር ውስጥ ምን ያህል ቤንዚን እንደሚገባ የሚወስነው ኢንጀክተሩ ነው፤ ኢንጀክተሩን የሚያዘው ደግሞ ኮምፒውተሩ። የፓምፑ ሥራ ኢንጀክተሩ ደጃፍ ላይ የተፈለገውን ግፊት ጠብቆ ማቆየት ብቻ ነው፤ እንደ ቪትዝ ባሉት መኪናዎች ይህ ግፊት ወደ 3 ባር ገደማ ነው። ከዚያ የተረፈው ቤንዚን በግፊት መቆጣጠሪያው በኩል ወደ ሰርባቶዮ ይመለሳል። ቤቱ ውስጥ ሮቶ ያለው ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፦ ሮቶውን የሚሞላው ፓምፕ የቱንም ያህል ግዙፍ ቢሆን፣ ሮቶው ሙሉ እስከሆነ ድረስ ከኩሽናው ቧንቧ የሚወርደው ውኃ ያው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ። አንድ ተርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት ወደ 0.23 ኪሎ ግራም ቤንዚን ይፈልጋል። መካኒኮች ፓምፕና ኢንጀክተር ሲመርጡ የሚነሱት ከዚህ ቁጥር ነው። የዚያች ቪትዝ ሞተር 70 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ስለዚህ 16 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን 0.74 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ወደ 22 ሊትር በሰዓት ማለት ነው። ይህም ቤንዚኑ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ሞተሩ እየጮኸ፣ ሰዓቱን ሙሉ ቢነዳ ነው፤ እንዲህ የሚነዳ ሰው ደግሞ የለም። በ100 ኪሎ ሜትር 6 ሊትር የምትፈጅ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትበር የምትጠጣው በሰዓት 6 ሊትር ብቻ ነው። ሻጩ ያቀረበው ባለ 255 ሊትር ፓምፕ ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለውን ሞተር ይመግባል። ለቪትዝ ይህን መግጠም ለሁለት ሰው ቡና የሠርግ ድስት እንደ መጣድ ነው።

ሌላም አለ፤ እንዲያውም አዲስ አበባ ላለ ሰው ዋናው ነጥብ ይኸ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚያገኘው በሩብ ያህል ያንሳል። እንጦጦ ጫፍ ላይ፣ 3,200 ሜትር አካባቢ፣ ጉድለቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ይጠጋል። ኦክስጅን ሲያንስ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑንም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ተርቦ የሌላት መኪና እንጦጦ ላይ የምትፈልገው ነዳጅ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከምትፈልገው ያነሰ ነው። ዳገቱ ላይ መድከሟ ተፈጥሯዊ ነው፤ የጎደላት አየር እንጂ ቤንዚን ስላልሆነ ምንም ፓምፕ አያድናትም። መድከምና መንተፋተፍ ግን ለየቅል ናቸው። የደከመች መኪና በዝግታም ቢሆን ሳትቆራረጥ ትወጣለች። የምትንተፋተፍ መኪና ግን ችግር አለባት፣ መፈለግም አለበት።

ባለቤቷ በመጨረሻ የሄደው ግፊት መለኪያ ጌጅ ያለው ጋራዥ ነው። መካኒኩ ዕድሜ የጠገቡ፣ ወሬ የማያበዙ ሰው ናቸው።

"ጋሼ፣ ፓምፕ ልግዛ ወይስ ይቅር?" አላቸው።

"ገና ምን አየንና፣ ልጄ?" አሉት።

ቁልፉን አስከፈቱና ጆሯቸውን ወደ ኋላ ወንበር አስጠጉ። ፓምፑ ለሁለት ሰከንድ ያህል እዝዝ ብሎ ዝም አለ፤ ይህ ጤናማ ምልክት ነው። ቀጥለው ፓምፑ ሶኬት ላይ ቮልቴጁን ለኩ። እዚህ ላይ ብዙ መኪና ይወድቃል፦ የዛገ ሶኬት፣ የላላ ማሳ፣ የተቃጠለ ሪሌ 13.5 መሆን የነበረበትን ቮልት 10 እና 11 ያደርጉትና ደህናው ፓምፕ የደከመ ይመስላል። የቪትዟ ቮልት ደህና ነበር። በመጨረሻ ጌጁን ነዳጅ መስመሩ ላይ ገጥመው መኪናዋን ወደ ዳገት ነዷት። ቆማ ስትሠራ 3 ባር ያነበበው ጌጅ ዳገት ላይ ቤንዚን ሲረገጥ ከ2 በታች ወረደ።

ይህን ያየ ሌላ ሰው ፓምፑ ሞቷል ብሎ ይፈርድ ነበር። እሳቸው ግን ወንበሩን አንስተው ፓምፑን ከሰርባቶዮ አወጡትና እግሩ ላይ ያለችውን ወንፊት አሳዩት። ጠቁራ ዝቃጭ ለብሳለች። ባለቤቷ ያን ጊዜ አስታወሰ፤ ክፍለ ሀገር ሄዶ ማደያ ቤንዚን አልቆበት ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ሦስት አራት ጊዜ ገዝቶ ነበር። ፓምፑ ጉልበት አላነሰውም፤ የሚስብበት አፉ ነው የታፈነው። እዚያው ቦታ 255 ሊትሩ ቢገባና ወንፊቷ ባትነካ ኖሮ፣ ትልቁ ፓምፕ በታፈነ አፍ እየተናነቀ ባጭር ጊዜ ይቃጠል ነበር። ሰርባቶዮ ውስጥ ያለ ፓምፕ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በራሱ በቤንዚኑ ነው። ለዚህም ነው ሁልጊዜ የነዳጅ መብራቱ እስኪበራ ድረስ መንዳት የፓምፕ ዕድሜ የሚያሳጥረው።

ታዲያ ፓምፕ ማሳደግ መቼ ነው ትክክል የሚሆነው?

አንደኛው ለአሮጌዎቹ ነው፤ ለሰማያዊና ነጭ ላዳ፣ ለቮልስ፣ ባጠቃላይ ካርቡራተር ላላቸው። የእነዚህ ፓምፕ ሞተሩ ላይ የተለጠፈ፣ በሞተሩ እንቅስቃሴ የሚሠራ ነው። ሙቀት ሲበዛ ቤንዚኑ ቱቦ ውስጥ ይተናል፤ ከፍታ ላይ ደግሞ የሚፈላበት ሙቀት ዝቅ ስለሚል ይብሳል። ፓምፑ ፈሳሽ መግፋቱን ትቶ እንፋሎት ያኝካል፣ መኪናዋም ትቆማለች። የላዳ ሾፌሮች እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ የሚጥሉት ለዚሁ ነው፤ የሚያስቅ ቢመስልም ፊዚክሱ ትክክል ነው። እዚህ ላይ ሰርባቶዮ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ቤንዚኑን ከመሳብ ይልቅ የሚገፋ የኤሌክትሪክ ፓምፕ እውነተኛ መሻሻል ነው። ሆኖም ግፊቱ ዝቅተኛ መሆን አለበት። ካርቡራተር የሚፈልገው 0.2 ወይም 0.3 ባር ያህል ነው። የኢንጀክሽን መኪና ፓምፕ ቢገጠምለት ተንሳፋፊው የሚዘጋት መርፌ 3 ባር መቋቋም አትችልም፤ ቤንዚኑ በጋለ ሞተር ላይ ይፈስሳል። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው እሳት አደጋ ነው።

ሁለተኛው የሞተሩ ፍላጎት በእርግጥ ሲያድግ ነው። ተርቦ የተጨመረለት፣ ኢንጀክተሩ በትልቅ የተቀየረ፣ ወይም በትልቅ ሞተር የተተካ መኪና ድሮ የነበረው ፓምፕ አይበቃውም። አሜሪካ ውስጥ 85 በመቶ ድረስ ኢታኖል ያለበት ነዳጅ በብዙ ማደያዎች ይሸጣል፤ ይህን ለመጠቀም የተስተካከለ ሞተር ከቤንዚን ይልቅ በመጠን 30 በመቶና ከዚያ በላይ የበዛ ነዳጅ ስለሚጠጣ ፓምፑም አብሮ ማደግ አለበት። በተርቦ ሞተር ላይ ነዳጅ ማጠር መንተፋተፍ ብቻ አይደለም፤ ድብልቁ ሲሳሳ ሙቀቱ ይንርና ፒስተን ይቀልጣል። እዚያ ላይ ትልቅ ፓምፕ ቅንጦት አይባልም።

ለሌሎቻችን ግን ትልቁ ፓምፕ ራሱ ችግር ይዞ ይመጣል። ብዙ አምፔር ይስባል፤ ለትንሹ ፓምፕ የተዘረጋው ሽቦ ይግላል። የተረፈው ቤንዚን ሲበዛ መቆጣጠሪያው መመለስ ያቅተውና ግፊቱ ከልክ ያልፋል፣ መኪናዋ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። ከሁሉም የሚያስፈራው ዳይሬክት የሚሉት ነገር ነው፦ ፓምፑን ከኮምፒውተሩ ነጥሎ ከቁልፉ ጋር በቀጥታ ማገናኘት። ኮምፒውተሩ ሞተሩ መቆሙን ሲያውቅ ፓምፑን ያጠፋዋል። ዳይሬክት የሆነ ፓምፕ ግን መኪናው ተገልብጦ፣ ቱቦው ተበጥሶም ቢሆን መግፋቱን ይቀጥላል። ላዳ ላይ የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገጥም ሰውም፣ ሞተሩ ሲቆም ፓምፑን የሚያጠፋ ማብሪያ አብሮ ማስገባት ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው።

የፓምፕ ብልሽት ከትንሽነት ጋር እምብዛም እንደማይገናኝ የሚያሳይ ትልቅ ምሳሌ አለ። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ2020 ዴንሶ የሠራቸውን የነዳጅ ፓምፖች ለመቀየር መኪናዎች መጥራት ጀመረ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቁጥሩ በዓለም ዙሪያ ወደ 5.8 ሚሊዮን ደረሰ። ሆንዳም እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በተመሳሳይ ችግር ወደ 4.5 ሚሊዮን መኪናዎች ጠርቷል። የፓምፖቹ አቅም ምንም አልጎደለውም። ቤንዚኑን የሚያሽከረክረው የፕላስቲክ ክንፍ ነዳጅ እየጠጣ አብጦ ከቤቱ ጋር ይፋተግ ነበር፤ መኪናው በመንገድ ላይ ድንገት ይጠፋል። የእነዚያ መኪናዎች ችግር የተፈታው ክንፉ በተሻሻለ ፓምፕ ነው። ከጥሪው ዓመታት የሆነ መኪና ከውጭ ያስገባ ሰው የሻንሲ ቁጥሩን በአምራቹ ድረ ገጽ ላይ ማየት ይችላል፤ ነጻ ነው።

ገበያ ላይም ቁጥር ያሳስታል። "255" የሚለው ጽሑፍ በየትኛው ግፊትና በየትኛው ቮልት እንደተለካ ካልተነገረ ትርጉም የለውም፤ ግፊት በጨመረ፣ ቮልትም በቀነሰ ቁጥር ማንኛውም ፓምፕ የሚገፋው ይቀንሳል። የታወቁ ስሞች ፎርጅድ ደግሞ ሞልቷል። ደህና ፓምፕ ክብደት አለው፣ ጽሑፉ በእጅ አይለቅም፣ ወንፊቷም አብራ ትመጣለች።

የቪትዟ ሰርባቶዮ ታጥቦ፣ ወንፊቷና ፊልትሮው ተቀይረው፣ አሮጌው ፓምፕ ተመልሶ ገባ። ጌጁ ዳገት ላይ 3 ባር ላይ ቆመ። እንጦጦን አሁንም በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው፤ ግን አትንተፋተፍም። ባለቤቷ ከሩብ በታች ነዳጅ አያወርድባትም፤ ክፍለ ሀገር ሲሄድም ከአዲስ አበባ ሞልቶ ይወጣል።