መኪናዎ ቁልፉን ምን ብሎ ይጠይቀዋል?

አጎቴ ለብዙ ዓመታት የነዷት፣ በተለምዶ ዲኤክስ የምንላት ነጭ ቶዮታ ኮሮላ ነበረቻቸው። አንድ ቅዳሜ መርካቶ ዕቃ ሲገዙ ውለው ተመለሱ፤ በሩን ከፈቱ፤ ሞተሩን አስነሡ፤ ማርሽ ሊያስገቡም እጃቸውን ዘረጉ። በዚህ ጊዜ ከኋላ ወንበር ላይ ፈጽሞ አይተውት የማያውቁት የሴት ጃንጥላ ተጋድሞ ተመለከቱ። ለካስ የተቀመጡት በሌላ ሰው መኪና ውስጥ ኖሯል! የራሳቸው ዲኤክስ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማለች። ሞተሩን አጥፍተው፣ ወርደውና በሩን መልሰው ቆልፈው ግራ ቀኙን እየቃኙ ሄዱ። ‹‹ባለቤቷ ብትደርስ ምን ብዬ እመልስላት ነበር?›› እያሉ ሲያወጉ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ ይስቃል።

ሳቁ ካለፈ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ይቀራል። የአጎቴ ቁልፍ የሰው መኪና ከከፈተ፣ የሌላ ሰው ቁልፍስ የእርሳቸውን አይከፍትም ወይ? ያቺ መኪና በዚያን ዘመን የቤቱ ብቸኛ ሀብት ነበረች፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም የሚገኘው እርሷ ስትሠራ ብቻ ነበር።

የመኪና ስርቆት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ መቆለፊያው ጥንካሬ ነው። የጉዳዩ እምብርት ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ መኪናው በሩን ከመክፈቱና ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ቁልፉን በሚጠይቀው ጥያቄ ላይ። ባለፉት አርባ ዓመታት ጥያቄው ሦስት ጊዜ ተለውጧል፤ ሌቦችም በየጊዜው መኪናው ሳይጠይቅ የተወውን ነገር እየፈለጉ ገብተዋል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

‹‹ቅርጽህ ምን ይመስላል?››

በአሮጌ መኪና መቆለፊያ ውስጥ በትንንሽ ሞላዎች የተደገፉ ስስ የብረት ሳህኖች በተርታ ተደርድረዋል። ትክክለኛው ቁልፍ ሲገባ ጥርሶቹ እያንዳንዱን ሳህን ተፈላጊው ቦታ ላይ ስለሚያደርሱት ሲሊንደሩ ይዞራል። ሳህኖቹ 8 ቢሆኑና እያንዳንዳቸው 4 ዓይነት ከፍታ ሊኖራቸው ቢችል 65,536 የተለያዩ ቁልፎች መሥራት ይቻላል። ይህ ግን በወረቀት ላይ ነው። የቁልፉ ጥርስና ሳህኖቹ በየዕለቱ እየተፋተጉ ሲያልቁ በአንዱና በሌላው ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መቆለፊያ የራሱን ቁልፍ ብቻ ሳይሆን የሚመስለውንም ሁሉ ይቀበላል፤ እጅግ ሲያረጅማ ካቻቢቴም ሊበቃው ይችላል። አጎቴን የገጠማቸው ይኸው ነው።

ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1986 በኮርቬት መኪናው ቁልፍ ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ መቋቋሚያ፣ ማለትም ሬዚስተር፣ አስገባ። መኪናው ከቅርጹ በተጨማሪ የሬዚስተሩን መጠን ይለካል፤ ካልተስማማው ለጥቂት ደቂቃዎች አልነሣም ይላል። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ የሬዚስተሮቹ ዓይነት ግን 15 ብቻ ነበር። ትዕግሥት ያለው ሌባ አሥራ አምስቱንም ሊሞክር ይችላል።

‹‹ምስጢሩን ታውቃለህ?››

እንቆቅልህ — ምን አውቅልህ ተባብሎ ያላደገ አንባቢ አይኖርም። በ1990ዎቹ መኪኖች ከቁልፎቻቸው ጋር የጀመሩት ጨዋታ ከዚህ የራቀ አይደለም። በቁልፉ የፕላስቲክ ራስ ውስጥ የስንዴ ቅንጣት የምታህል፣ ባትሪ የሌላት ቺፕ ተቀምጣለች። በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠመጠመ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በ125 ኪሎ ሄርዝ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ይህም መስክ በቺፗ ውስጥ ባለው ጥምጥም ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል ያመነጫል። ማይክል ፋራዳይ በ1831 ያገኘው፣ በሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የምንማረው ሕግ ነው።

ቺፗ ኃይል ስታገኝ መኪናው በዘፈቀደ የመረጠውን ቁጥር ይልክላታል። እርሷም ቁጥሩን በውስጧ ከተቀመጠው ምስጢራዊ ቁጥር ጋር በተወሰነ ስሌት ታዋሕድና ውጤቱን ትመልሳለች። መኪናውም ምስጢሩን ስለሚያውቅ ያንኑ ስሌት ይሠራል፤ ሁለቱ ከተስማሙ ሞተሩ እንዲነሣ ይፈቅዳል። ካልተስማሙ ግን ሞተሪኖው ቢዞር እንኳ የሞተሩ ኮምፒውተር ለነዳጁም ሆነ ለካንዴላው ትእዛዝ አይሰጥም። ምስጢሩ ራሱ በአየር ላይ ፈጽሞ አይላክም፤ ጥያቄውም በየጊዜው ስለሚለወጥ የትናንቱን መልስ ቀድቶ ዛሬ መጠቀም አይቻልም። መሣሪያው ኢሞቢላይዘር ይባላል።

የአውሮፓ ኅብረት ከኦክቶበር 1998 ጀምሮ ማንኛውም አዲስ የቤት መኪና ኢሞቢላይዘር እንዲኖረው ግዴታ አደረገ። ፋን ኡርስና ፎላርድ የተባሉ ተመራማሪዎች የኔዘርላንድስን መረጃ መርምረው በ2016 ባሳተሙት ጥናት መሣሪያው የመኪና ስርቆትን በአማካይ 40 በመቶ ያህል እንደቀነሰ ደርሰውበታል። በሩቅ ከሚጮህ የመኪና ጡሩምባ ይልቅ ይህች ድምፅ የሌላት ቺፕ የበለጠ ሠርታለች ማለት ነው።

ቺፗ ባትኖር ምን እንደሚከተል ደግሞ ዩናይትድ ስቴትስ አሳይታለች። በዚያ አገር መሣሪያው በሕግ አልተገደደም። በ2015 ሞዴል ከቀረቡት የሃዩንዳይና የኪያ መኪኖች መካከል ኢሞቢላይዘር የነበራቸው 26 በመቶው ብቻ ሲሆኑ፣ የሌሎቹ አምራቾች ድርሻ 96 በመቶ ነበር። ከ2021 ጀምሮ የእነዚህን መኪኖች ድክመት የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በማኅበራዊ መገናኛ ሲሰራጩ፣ ታዳጊዎች ሳይቀሩ የሚሳተፉበት የስርቆት ማዕበል በየከተማው ተነሣ። ከ2007 ጀምሮ ኢሞቢላይዘርን ግዴታ ባደረገችው በጎረቤት ካናዳ ግን እነዚሁ አምራቾች መኪኖቻቸውን ከነመሣሪያው ነበር የሚሸጡት።

አርባ ቢት ስንት ነው?

እንቆቅልሹ የሚጠነክረው ምስጢራዊ ቁጥሩ በግምት ሊደረስበት የማይችል ከሆነ ነው። በርካታ አምራቾች የተጠቀሙበት አንድ ቺፕ የ40 ቢት ምስጢር ነበረው። ሁለትን አርባ ጊዜ ስናባዛ 1,099,511,627,776፣ ማለትም አንድ ትሪሊዮን ከመቶ ቢሊዮን ያህል እናገኛለን። ለሰው አእምሮ እጅግ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ እስቲ እናስላ፤ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ቁጥር የሚሞክር መሣሪያ ሁሉንም በ13 ቀን ውስጥ ይጨርሳል። በ2005 የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲና የአርኤስኤ ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች 16 ልዩ ቺፖችን ጎን ለጎን አሠርተው ምስጢሩን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አገኙት።

ምስጢሩ 128 ቢት ቢሆንስ? በሴኮንድ አንድ ትሪሊዮን የሚሞክር ማሽን እንኳ ሁሉንም ለመጨረስ ከ10 ቢሊዮን ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 88 ቢት ብቻ ነው። በ2018 የቤልጅየሙ የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እጅግ ዘመናዊ የሚባለውን የቴስላ ሞዴል ኤስ ሪሞት ሲመረምሩ ያገኙት ይህንኑ የ40 ቢት ስሌት መሆኑ ለእኔ እስካሁን የማይገባኝ ነገር ነው።

ሌላም ስሕተት ነበር። አምራቾቹ የስሌቱን አሠራር ራሱን ደብቀው በዚያው መተማመናቸው ነው። ኦገስት ኬርክሆፍስ የተባለ የሆላንድ ተወላጅ ምሁር ግን የምስጢር መላላኪያ ዘዴ በጠላት እጅ ቢገባ እንኳ ቁልፉ እስካልታወቀ ድረስ መጽናት እንዳለበት የጻፈው በ1883 ነበር።

‹‹ቅርብ ነህን?››

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንለፍ። በዛሬዎቹ ብዙ መኪኖች ቁልፍ ከኪስ አይወጣም። ባለቤቱ እጀታውን ሲነካ መኪናው በዝቅተኛው ድግግሞሽ፣ በ125 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ፣ ይጣራል፤ በኪሱ ያለው ሪሞት ይሰማና በ433 ሜጋ ሄርዝ ወይም በ315 ሜጋ ሄርዝ አካባቢ ይመልሳል። የመኪናው ጥሪ በመግነጢሳዊ መስክ የሚተላለፍ በመሆኑ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ ከአንድ ሁለት ሜትር በላይ አይሰማም። መሐንዲሶቹም ከዚህ ተነሥተው ‹‹ሪሞቱ ከመለሰ ቅርብ ነው›› ብለው ደመደሙ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። አንድ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ለሚመጣው ሁሉ እንቆቅልሽ ያቀርባል እንበል። መልሱን የሚያውቁት የቤቱ ጌታ ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም ጓሮ ተኝተዋል። ሌባው እንቆቅልሹን ሰምቶ ወደ ጓሮው መስኮት ይሮጣል፤ ጌታው በእንቅልፍ ልባቸው ይመልሳሉ፤ ሌባውም መልሱን ይዞ ወደ በሩ ይመለሳል። እንቆቅልሹን አልፈታም፤ ምስጢሩንም አያውቅም፤ ያመላለሰው ብቻ ነው። በዙሪክ የስዊስ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች በ2011 ባቀረቡት ሥራ የ8 አምራቾችን 10 ሞዴሎች በዚህ ዓይነት የሬዲዮ ቅብብሎሽ ከፍተው አስነሥተዋል። የምስጢሩ ርዝመት 40 ቢትም ሆነ 128 ለውጥ አያመጣም።

መድኃኒቱ የተገኘው ከፊዚክስ ነው። የሬዲዮ ሞገድ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት ሲሆን፣ በአንድ ናኖ ሴኮንድ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ሪሞቱ 15 ሜትር ርቆ መኝታ ቤት ውስጥ ቢሆን ጥያቄና መልሱ በደርሶ መልስ 100 ናኖ ሴኮንድ ይፈጃሉ፤ ሌባው ይህን ጊዜ ሊያራዝመው እንጂ ሊያሳጥረው አይችልም፤ ከብርሃን የሚቀድም የለምና። ብራንድስና ቻውም የተባሉ ሊቃውንት በደርሶ መልስ ጊዜ ርቀትን የማረጋገጥን ዘዴ ያቀረቡት በ1993 ነው። እጅግ አጫጭር የሬዲዮ ምቶችን በመላክ ይህን የሚለኩ ሪሞቶች በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ላይ መታየት የጀመሩት ግን በቅርብ ዓመታት ነው።

ይህ የሌለው ባለመኪና ቤት ሲገባ ሪሞቱን ክዳን ባለው የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጥ። ብዙዎች በምግብ መጠቅለያ አሉሚኒየም ይጠቀልሉታል፤ እዚህ ላይ ጥቂት ስሌት ይጠቅማል። ሞገድ በአሉሚኒየም ውስጥ ጠልቆ እስኪዳከም የሚሄደው ርቀት በ433 ሜጋ ሄርዝ 0.004 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በ125 ኪሎ ሄርዝ ግን ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የመጠቅለያው ውፍረት 0.016 ሚሊ ሜትር አካባቢ በመሆኑ የሪሞቱን መልስ ያፍናል፤ የመኪናውን ጥሪ ግን ማዳከም እንጂ ሙሉ በሙሉ ላይከለክል ይችላል። ከሁለቱ አንዱ ከተቋረጠ ንግግሩ ይቋረጣል፤ ነገር ግን ቀዳዳ ወይም እጥፋት ከቀረ መልሱ ያመልጣል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ሪሞቱን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቶ መኪናው አጠገብ መቆምና እጀታውን መሳብ።

በመብራቱ በኩል

ጥያቄውን ጨርሶ የሚዘል ሌባም አለ። ኢያን ታቦር የተባለው የመኪና ደኅንነት ባለሙያ በ2022 ለንደን ውስጥ የገዛ ቶዮታ ራቭ 4 መኪናው ተሰረቀበት። ከባልደረባው ከኬን ቲንደል ጋር ሆኖ ነገሩን ሲመረምር፣ ሌቦቹ የፊት መብራቱን ነቅለው በመኪናው ውስጥ ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በሚያገናኙት ሽቦዎች ላይ መሣሪያ እንደሚቀጥሉ ደረሰበት፤ በ2023ም ይፋ አደረጉት። መሣሪያው በብሉቱዝ ድምፅ ማጉያ ቀፎ ውስጥ ተደብቆ ይሸጥ ነበር። የሚልከው መልእክት በአጭሩ ‹‹ቁልፉ ተረጋግጧል›› የሚል ነው። ቦሽ በ1986 ያስተዋወቀው ይህ የመኪና ውስጥ መገናኛ መልእክቱን የላከው ማን እንደሆነ የሚያጣራበት ዘዴ የለውም፤ ሲነደፍ በሽቦው ላይ ባዕድ ይቀመጣል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ሦስቱም ዘመን ጎን ለጎን ይሄዳል። ቅርጽ ብቻ የሚጠይቁት ላዳና ዲኤክስ፣ ቺፕ ያለው ቪትዝ፣ እንዲሁም መንግሥት በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የበዙት የኤሌክትሪክ መኪኖች በአንድ መብራት ላይ ይቆማሉ። ስለዚህ ለአንዱ የሚበጀው ለሌላው ላይበጅ ይችላል።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሊብሬውንና የሻንሲ ቁጥሩን ሲያመሳክር አንድ ነገር ይዘነጋል። የኢሞቢላይዘሩ ማኅደር የቀድሞ ባለቤቶችን ቁልፎች ሁሉ ሊያስታውስ ይችላል። ባለሙያ ዘንድ ወስዶ የተመዘገቡትን ቁልፎች በሙሉ ማሰረዝና በእጅ ያሉትን ብቻ እንደገና ማስመዝገብ ይገባል። ላቫጆ ወይም ጋራዥ ሲሄዱ ሁለቱንም ቁልፎች በአንድ ማንጠልጠያ መስጠት ደግሞ በከንቱ አደጋን መጋበዝ ነው። በሪሞት ሲቆልፉ እጀታውን በእጅ ሳቡት፤ በአካባቢው ሞገድ የሚያውክ መሣሪያ የያዘ ሰው ካለ ትእዛዙ ሳይደርስ በሩ ክፍት ሊቀር ይችላልና። ሱቅ ደረስ ብዬ ልምጣ ብሎ ሞተሩን ሳያጠፋ ለሚወርድ ሰው ግን የትኛውም ስሌት አይረዳውም።

አጎቴ ከጃንጥላው ቀን በኋላ ሰኞ ማለዳ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ዘንድ ሄደው ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ሽቦ የሚያቋርጥ ድብቅ ማብሪያና ማጥፊያ አስገጠሙ። ቦታውን ለማንም፣ ለባለቤታቸውም ጭምር፣ አልተናገሩም። መኪናዋ አልተሰረቀችም። ሁለት ጊዜ ግን ራሳቸው ማብሪያውን ረስተውት፣ ሞተሩ እምቢ ሲላቸው መካኒክ አስጠርተው ሒሳብ ከፍለዋል።